በነፃ የሚከፈት መዝገብ፦ የሥራ ክርክር ችሎት አገልግሎት በሐዋሳ ሲገመገም

ሐዋሳ ላይ ከአሠሪው ጋር የተጋጨ ሠራተኛ መዝገብ ለማስከፈት የሚከፍለው የዳኝነት ገንዘብ የለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ ወይም የሠራተኛ ማኅበር ለአስማሚ፣ ለፍርድ ቤቱ የሥራ ክርክር ችሎት ወይም ለአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ የሚያቀርበውን ጉዳይ ከአገልግሎት ክፍያ ነፃ አድርጎታል። በዋጋ ብቻ ከተመዘነ ከአምስት አምስት ያገኛል። በመረጃ አሰጣጥ ግን ከሁለት በላይ ለመስጠት እጅ ይከብዳል። በነፃው በር የሚገቡ ሰዎች ጉዳያቸው የሚወድቀው ቀን አልፎባቸው፣ የተከሳሹን ስም አሳስተው ወይም ፍርድ ቤቱ እንዲወስንላቸው መጠየቅ ያለባቸውን ነገር ሳይጽፉት ቀርተው ነው። ይህን የሚነግር ሰሌዳም ሆነ ሰው በሩ ላይ ማግኘት ከባድ ነው።

ስለ ዋጋው ትንሽ እንቆይ፤ ነፃነቱን እንደ ቸርነት የሚያዩት አሉና። «ትንሽ ክፍያ ቢጣል ለእልህ ብሎ የሚከስ ይቀንስ ነበር» የሚል አሠሪም አይጠፋም። ይህ ሐሳብ ብሪታኒያ ውስጥ በተግባር ተሞክሮ ውጤቱ ታይቷል። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 29 ቀን 2013 ጀምሮ በእንግሊዝ፣ በዌልስና በስኮትላንድ የሥራ ክርክር ሰሚ ጉባኤዎች ክፍያ ተጣለ። እንደ ያልተከፈለ ደመወዝ ላሉ ቀለል ያሉ ጉዳዮች ማመልከቻ ሲገባ 160 ፓውንድ፣ ጉዳዩ ሲሰማ ደግሞ 230 ፓውንድ፣ በድምሩ 390 ሆነ። ከሕግ ውጭ ስንብትን ወይም አድልዎን ለመሳሰሉት 250 እና 950፣ በድምሩ 1200 ፓውንድ። ይግባኝ የሚል ሌላ 400 እና 1200 ይጨምራል። የክሶቹ ቁጥር ከሁለት ሦስተኛ በላይ ወረደ፤ ወርዶም ቀረ።

የእልህ ክስ ብቻ ቢቀንስ ኖሮ ከቀሩት መካከል የሚያሸንፈው ድርሻ ከፍ ማለት ነበረበት። የሆነው ተቃራኒው ነው፤ ክፍያው ከመጣ በኋላ ያሸነፉ ክሶች ድርሻ ዝቅ አለ። የሕዝብ አገልግሎት ሠራተኞች ማኅበር የሆነው ዩኒሰን ጉዳዩን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ገፋው፤ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. ጁላይ 26 ቀን 2017 ክፍያው ከጅምሩ ሕገ ወጥ ነው ሲል ወሰነ። ዋናውን ፍርድ የጻፉት ሎርድ ሪድ የያዙት ነጥብ ለእኛም ይገባናል፦ ሰው የሚጠይቀው ገንዘብ ትንሽ ሲሆን፣ ክፍያው ከሚያገኘው ጋር ሲነጻጸር መክሰስ ትርፍ የሌለው ነገር ይሆናል፤ ያኔ መብቱ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። መንግሥት የተሰበሰበውን ገንዘብ መመለስ ግድ ሆነበት። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ደግሞ የ55 ፓውንድ ክፍያ ሐሳብ ቀርቦ አስተያየት ተጠይቆበት ነበር።

ወደ ሐዋሳ ስንመልሰው ነገሩ ይበልጥ ይጠብባል። እዚህ የሚመጣው ክስ በብዛት የአንድ ወይም የሁለት ወር ደመወዝ፣ ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ ወይም የበዓል ቀን ክፍያ ነው። በሐይቁ ዳር ያለ ሆቴል አስተናጋጅ፣ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ስፌት ላይ የምትሠራ ልጅ ወይም የሕንፃ ግንበኛ የሚጠይቀው ገንዘብ በፍትሐ ብሔር መዝገብ እንደሚደረገው በገንዘቡ ልክ ዳኝነት ይከፈልበት ቢባል፣ ሥራ አጥቶ የቤት ኪራይ ካለበት ሰው ኪስ ቀድሞ የሚወጣ ገንዘብ ይሆናል። ስለዚህ ዜሮው ይቆይ፤ በዚህ ላይ ሁለት አስተያየት የለንም።

ነፃነቱ ግን ሁሉንም አይሸፍንም። አዋጁ የማይመለከታቸው ሰዎች አሉ፤ ከእነሱ መካከል በጣም የሚያሳዝነው የቤት ሠራተኛዋ ጉዳይ ነው። ለትርፍ ላልሆነ የግል አገልግሎት የተቀጠረች ሠራተኛ ከአዋጁ ውጭ ናት፤ አዋጁ ሁኔታዋ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይወሰናል ብሎ ትቷታል። ስለዚህ ደመወዟን ለማስከፈል የምትሄደው በፍትሐ ብሔር ሕጉ በተራው መዝገብ ነው፤ እዚያ ደግሞ ዳኝነት ይከፈላል። ማምለጫዋ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ያለው በደሃ ደንብ፣ ማለትም ዳኝነት ሳይከፍሉ፣ መክሰስ ነው፤ መክፈል አለመቻሏን በቃለ መሐላና በማስረጃ ማሳየት አለባት፤ የቀበሌ ድጋፍ ደብዳቤ ይዛ ብትሄድ ይረዳታል። ከሁሉ ያነሰ ገቢ ያላት ሰው ነፃውን በር ተነፍጋ መክፈሉን ወይም መለመኑን ማግኘቷ የዚህ አገልግሎት ትልቁ ጉድለት ነው። ሥራ መሪዎችም ከአዋጁ ውጭ ናቸው፤ ግን «ማናጀር» የሚል መጠሪያ ስላላችሁ ብቻ አትሸሹ። ሥራ መሪ የሚባለው ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወርና የማሰናበት ሥልጣን ያለው ሰው ነው። የፈረቃ ኃላፊ የሚል ባጅ ያንጠለጠለ ሁሉ እዚህ ውስጥ አይገባም፤ አሠሪዎች ግን ይህን መቃወሚያ ማንሳት ይወዳሉ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቋሚ ሠራተኛ ደግሞ በሌላ ሕግ ይተዳደራል፤ የሚሄደውም ወደ መንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር ፍርድ ቤት ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ይርጋው፣ ማለትም ክስ ለማቅረብ ሕጉ ወደሰጠው የጊዜ ገደብ። በዚህ አገልግሎት ውስጥ እውነተኛው ክፍያ ጊዜ ነው። ከሕግ ውጭ ተሰናብቻለሁ፣ ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ክስ ከተሰናበተበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ መግባት አለበት። ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና ሌላ ክፍያ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ይታገዳል። ውሉ በመቋረጡ ምክንያት የሚመጣ ክፍያ፣ ማለትም ስንብት፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜ፣ ካሳ፣ ውሉ ከተቋረጠ በ6 ወር። በልዩ ሁኔታ ያልተቀመጠው ሁሉ አንድ ዓመት ነው።

እነዚህን ቁጥሮች የሚያውቅ ሰው እንኳ ሁለት ቦታ ላይ ይሳሳታል። አንደኛው የትርፍ ሰዓት ነው። ስድስት ወሩ የሚቆጠረው ከሥራ ከወጣችሁበት ቀን ብቻ ይመስላችኋል፤ የለም፣ የእያንዳንዱ ወር ክፍያ የራሱ ቀን አለው። የጥር ወር ትርፍ ሰዓት በጥር መጨረሻ መከፈል ከነበረበት በሐምሌ መጨረሻ ይሞታል፤ የየካቲቱ በነሐሴ። ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ያለ ክፍያ የሠራ ሰው ሲሰናበት የሚያስከፍለው የመጨረሻዎቹን ስድስት ወራት ያህል ነው። ሁለተኛው የአራተኛው ወር ስሕተት ነው። ሦስት ወሩ ያለፈበት ሰው ማመልከቻው ላይ «ወደ ሥራዬ ልመለስ» ብሎ ብቻ ከጻፈ ይርጋ ይባልና ይወጣል፤ ክፍያዎቹን ለመጠየቅ ግን ገና ጊዜ ነበረው። ሦስት ወር ካለፋችሁ ወደ ሥራ መመለሱን ተዉትና ክፍያዎቹን በዝርዝር ጠይቁ።

ይርጋውን ምን እንደሚያቋርጠው ማወቅ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የሥራ ክርክር ለሚወስን አካል ክስ ማቅረብ፣ አዋጁን ለሚያስፈጽመው የመንግሥት መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ (እስከሚሰጠው የጽሑፍ ውሳኔ ድረስ)፣ እና አሠሪው ራሱ መብቱን በግልጽ ማመኑ። በዚህ በመጨረሻው፣ በአሠሪው ማመን ምክንያት ይርጋውን ማቋረጥ የሚቻለው በድምሩ ከሦስት ጊዜ ላልበለጠ ነው። የሰው ኃይል አስተዳደሩ ቢሮ መመላለስ በዝርዝሩ የለም። ሽማግሌ መላክ የለም። «ባለቤቱ ከአዲስ አበባ ሲመጣ እናነጋግረዋለን» የሚለው ተስፋም የለም። የሐዋሳ ሰው ነገር በሽማግሌ ይለቅ ማለቱ ጥሩ ባህል ነው፤ አሠሪ ግን ሽማግሌውን ሻይ እያጠጣ አምስት ወር ሊያስቆጥር ይችላል። ድርድር ካለ ዕዳው ይህን ያህል መሆኑን የሚያምን አንድ ገጽ ወረቀት፣ ቀንና ፊርማ ያለበት፣ ጠይቁ፤ እምቢ ካለ ክሱን አስገቡና ሽማግሌነቱ ይቀጥል። መዝገብ ተከፍቶም መታረቅ ይቻላል፤ ስምምነቱን ችሎቱ ያጸድቀዋል።

ከዚህ የሚያመልጥ አንድ ቀዳዳ አለ፦ ይርጋው ያለፈው ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ከሆነ፣ ለምሳሌ ሕመም፣ በአሠሪው ትእዛዝ ከመኖሪያ ቦታ ውጭ መዛወር ወይም የብሔራዊ አገልግሎት ጥሪ፣ ምክንያቱ በተወገደ በ10 ቀን ውስጥ የቀረበ ክስ ሊታይ ይችላል። ሕመም ስትሉ የሐኪም ወረቀቱ ቀኖቹን ካልሸፈነ አትድከሙ።

ማመልከቻው ላይ ከሁሉ በፊት የተከሳሹ ስም ይጣራ። ሰው የሚያውቀው የታፔላውን ስም ነው፤ ሆቴሉ «እገሌ ሪዞርት» ይባል ይሆናል፣ ንግድ ፈቃዱ ግን በግለሰብ ስም ወይም በኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው። ጥበቃና ጽዳት ላይ ደግሞ የምትሠሩበት ድርጅት ሌላ፣ የቀጠራችሁ ኤጀንሲ ሌላ። በተሳሳተ ስም የተከፈተ መዝገብ መጥሪያው ይመለሳል፣ ማመልከቻው ይሻሻላል፣ ቀጠሮ ይቃጠላል፤ ይህ ሳይታወቅ ፍርድ ቢሰጥ እንኳ አፈፃፀም ላይ «እኔ አይደለሁም» ይመጣል። ትክክለኛውን ስም የምታገኙት ከደመወዝ መክፈያ ወረቀት ማኅተም፣ ከባንክ መግለጫ ላይ ደመወዝ ከላከው አካል፣ ወይም ከግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ምዝገባ ነው። ጡረታ ከደመወዛችሁ 7 በመቶ ከተቆረጠ አሠሪው 11 በመቶ ጨምሮ የሚያስገባበት ስም እዚያ አለ፤ በዚያውም የቅጥር ቀናችሁን ያስረዳል።

የጽሑፍ ውል የለኝም ብሎ የሚቀር ብዙ ነው። ውል በቃልም ይጸናል። አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የቅጥሩን ዝርዝር የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ መስጠት ነበረበት፤ አለመስጠቱ የእሱ ጥፋት እንጂ የእናንተን መብት አያሳጣም። የባንክ መግለጫ፣ የፈረቃ ሰሌዳ ፎቶ፣ ባጅ፣ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የተሰጠ ትእዛዝ በወረቀት ታትሞ፣ እነዚህ ተደምረው ተቀጥራችሁ መሥራታችሁን ያስረዳሉ። የደመወዝ መዝገብና የትርፍ ሰዓት መዝገብ የመያዝ ግዴታ የአሠሪው ነው፤ ስለዚህ በማስረጃ ዝርዝሩ ላይ «በተከሳሽ እጅ ያለ፣ እንዲቀርብ ትእዛዝ ይሰጥልኝ» ብላችሁ ጻፉት። ይህች አንዲት መስመር ስትረሳ የትርፍ ሰዓት ክስ ባዶ እጁን ይቆማል። ፔሮል ላይ ሳትቃወሙ ፈርማችሁ ተቀብላችኋል የሚለውን መከራከሪያም አትፍሩ፤ ሳይቃወሙ መቀበል ቀሪውን ደመወዝ እንደመተው አይቆጠርም። ክሊራንስ ለማግኘት ብላችሁ «ምንም የምጠይቀው የለም» ብላችሁ የፈረማችሁት ወረቀትም በስምምነት ውል ማቋረጥ ነው ቢባል እንኳ፣ በሕግ ያላችሁን መብት መተው ውጤት እንደሌለው አዋጁ ይናገራል። ብትችሉ ግን አትፈርሙ፤ ተፈርሞ ከመከራከር ሳይፈረም መከራከር ይቀላል። የሥራ ልምድ ምስክር ወረቀት ደግሞ በማንኛውም ጊዜ ስትጠይቁ በነፃ የሚሰጥ ነው፤ በምንም ፊርማ የሚገዛ አይደለም።

ስሌቱ ላይ ችሎቱ የጠየቃችሁትን ነው የሚያየው። በቀን 200 ብር (በወር 6000) እያገኘ 4 ዓመት የሠራ፣ ከሕግ ውጭ የተሰናበተና ወደ ሥራው የማይመለስ ሰው እንውሰድ። የስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ 30 እጥፍ ነው፦ 6000። ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት ሲሶ ይጨመራል፦ ሦስት ጊዜ 2000፣ ማለትም 6000። ድምሩ 12,000፤ ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ ነው። ካሳው የቀን ደመወዙ 180 እጥፍ፦ 36,000። የማስጠንቀቂያ ጊዜው አገልግሎቱ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ስለሆነ ሁለት ወር፦ 12,000። እስከ አንድ ዓመት ያገለገለ አንድ ወር፣ ከዘጠኝ ዓመት በላይ የሠራ ሦስት ወር ነው። እስካሁን 60,000 ሆነ። ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ ይጨመራል፤ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን፣ ከዚያ በኋላ ለየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን። ክፍያዎቹ ውሉ ከተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል ነበረባቸው፤ ስለዘገዩ ችሎቱ እስከ 3 ወር ደመወዝ፣ እዚህ ላይ እስከ 18,000፣ ሊያስከፍል ይችላል። ይህ የመጨረሻው በማመልከቻዎች ላይ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነው። ወደ ሥራ መመለስ ከተፈረደ ደግሞ ውዝፍ ደመወዙ በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ከ6 ወር፣ በይግባኝ ከአንድ ዓመት አይበልጥም።

የትርፍ ሰዓት ማባዣው ቀን 1.5፣ ከሌሊቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 ነው። ሆቴል ቤት የሚሠራ ሰው እዚህ ላይ ይጠንቀቅ፦ ለገና ወይም ለፋሲካ በመደበኛ ፈረቃው የሠራ የሚያገኘው የሰዓቱን እጥፍ ነው፤ 2.5ቱ በበዓሉ ቀን ከመደበኛ ሰዓት በላይ ለሠራው ነው። ሁሉንም በ2.5 አባዝቶ ያቀረበ ከሳሽ ቁጥሩ ሲፈርስበት የተቀረው ስሌቱም ይጠረጠራል።

ማመልከቻው ራሱ ረጅም መሆን የለበትም። የተቀጠራችሁበት ቀን፣ ሥራውና ደመወዙ፣ የተሰናበታችሁበት ቀንና የተሰጠው ምክንያት፣ ምክንያቱ ለምን ሕገ ወጥ እንደሆነ፣ በቁጥር የተለየ የዳኝነት ጥያቄ፣ የማስረጃ ዝርዝር ከነምስክሮች ስምና አድራሻ፣ መጨረሻ ላይ የቀረበው እውነት መሆኑን የሚያረጋግጥ ቃል። ሁለት ገጽ ይበቃል። ቅጂው ለፍርድ ቤቱ አንድ፣ ለእያንዳንዱ ተከሳሽ አንድ፣ ለራሳችሁ አንድ፤ አባሪዎቹም እንደዚያው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሲዳምኛ ስለሆነ መዝገቡ በየትኛው ቋንቋ እንደሚከፈት ሳታስጽፉ መዝገብ ቤት ጠይቁ፤ በችሎት የሚነገረውን የማይሰማ ተከራካሪ አስተርጓሚ መጠየቅ መብቱ ነው። ነፃ ነው በተባለው አገልግሎት ላይ ገንዘብ የሚወጣው እዚህ ነው፦ ማስጻፊያ፣ ኮፒ፣ ትራንስፖርት፣ በየቀጠሮው የሚቃጠል የቀን ደመወዝ። በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉት ሰዎች ፈጣን ናቸው፤ ግን ብዙዎቹ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጽሑፍ አላቸውና የዳኝነት ጥያቄውን አንብባችሁ ሳትጨርሱ አትፈርሙ።

ጠበቃ መቅጠር የማይችል ሰው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ክፍል የነፃ ሕግ ድጋፍ ማዕከል አለለት። ማመልከቻ ለመጻፍና ስሌቱን ለማየት ጥሩ አማራጭ ነው። የሠራተኛ ማኅበር ያለበት ድርጅት ውስጥ ከሆናችሁ ማኅበሩን ቀድማችሁ አነጋግሩ፤ የሌለ ከሆነ አሥር ሠራተኛ ካለ ማቋቋም ይቻላል፣ ግን ያ የሚሠራው ከመጣላታችሁ በፊት ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የሚከታተለው ቢሮ በኩል የሚሄደው መንገድ ለሁለት ነገር ጥሩ ነው፦ ይርጋ ለማቋረጥና ገና በሥራ ላይ ላለ ሰው። ተቆጣጣሪ ደመወዝ መዝገብ ሊያይ ይችላል። ለተሰናበተ ግለሰብ ግን የመጨረሻ ፍርድ የሚሰጠው ችሎቱ ነው። አቤቱታው ሲገባ ቀንና ማኅተም ያለበት ግልባጭ ያዙ፤ በቃል የተነገረ አቤቱታ ይርጋን አቋርጧል ብሎ ማስረዳት አይቻልም። የጋራ ጥያቄ፣ ለምሳሌ የኅብረት ስምምነት ትርጉም ወይም የደመወዝ ጭማሪ፣ ሌላ መንገድ አለው፤ አስማሚ ይመደባል፣ በ30 ቀን ካልተስማሙ ወደ ቦርዱ ይሄዳል። የግል ጉዳያችሁን እዚያ መስመር ውስጥ አትክተቱት።

ፍጥነቱን ስንመዝን ሦስት ከአምስት እንሰጣለን። ሕጉ የሥራ ክርክር ችሎት ክሱ ከቀረበ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን፣ ይግባኙም ውሳኔው ከተሰጠ በ30 ቀን እንዲቀርብና በ60 ቀን እንዲያልቅ ይላል። ከተራው የፍትሐ ብሔር ክርክር ጋር ሲተያይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቀኑን የሚበላው ብዙ ጊዜ መጥሪያው ነው። መጥሪያውን ከሳሹ ራሱ እንዲያደርስ ሲሰጠው የድርጅቱ ዘበኛ አይቀበልም፣ ጸሐፊዋ «አለቃ የለም» ትላለች። ይህ ሲሆን መጥሪያውን ይዛችሁ እስከ ቀጠሮው አትጠብቁ። እምቢ ያለውን ሰው ስም፣ ቀንና ሰዓት ጽፋችሁ፣ ያየ ሰው ካለ አስፈርማችሁ፣ በቃለ መሐላ ለመዝገብ ቤቱ መልሱና በፖሊስ ወይም በሌላ ምትክ መንገድ እንዲደርስ ትእዛዝ ጠይቁ። እናንተ በቀጠሮ ካልቀረባችሁ ግን መዝገቡ ይዘጋል፤ በቂ ምክንያት ካላችሁ እንዲከፈት ማመልከት ይቻላል፣ ግን ይርጋው በላያችሁ ላይ ነው።

ምስክር ማግኘት ሌላው ፈተና ነው፤ አብሮ የሚሠራ ሰው እንጀራውን ይፈራል። ክስ ማቅረብ ወይም በፍርድ ቤት ሂደት መሳተፍ ሠራተኛን ለማሰናበት ሕጋዊ ምክንያት እንደማይሆን አዋጁ በግልጽ ያስቀመጠውን ንገሩት። ያም ሆኖ አንድ ምስክር ቢቀርም የማይወድቅ ክስ አዘጋጁ። ለስንብቱ ምክንያት አለኝ የሚለው አሠሪው ስለሆነ ብዙ ጊዜ የእሱን ወረቀት መፈተሽ ይበቃል፦ ስንብቱ በጽሑፍ ነው ወይ፣ ምክንያቱና ቀኑ አለ ወይ? «አረፈደ» ከተባለ በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ፣ «ቀረ» ከተባለ በ6 ወር ውስጥ 5 ቀን፣ ሁለቱም በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ታጅበው መሆን ነበረባቸው። ጥፋቱን ካወቀ በኋላም በ30 የሥራ ቀን ውስጥ ካላሰናበተ መብቱ አልፎታል። በየሳምንቱ በቃል ሲቆጣ ከርሞ አንድ ቀን ተነስቶ ያባረረ አሠሪ በዚህ ፈተና ላይ ይወድቃል።

ፍርድ ከተገኘ በኋላ ያለው ክፍል ከሁሉ ደካማው ነው፤ ሁለት ከአምስት። ፍርዱ በራሱ ገንዘብ አያመጣም። የፍርዱን ትክክለኛ ግልባጭ አውጥታችሁ የአፈፃፀም ማመልከቻ ታስገባላችሁ፤ አሠሪው በፈቃዱ ካልከፈለ የሚያዝ ንብረት ወይም የባንክ ሂሳብ የምትጠቁሙት እናንተ ናችሁ። ደመወዝ በባንክ ሲከፈል የነበረ ሰው የአሠሪው ሂሳብ ያለበትን ባንክና ቅርንጫፍ መግለጫው ላይ ያገኘዋል፤ ስለዚህ መግለጫውን ክሱ ካለቀ በኋላም አትጣሉት። አሠሪው ይግባኝ ብሎ እግድ ካወጣ ይቆማል፤ እግዱ ሲጠየቅ የፍርዱ ገንዘብ በፍርድ ቤት እንዲያዝ ወይም ዋስትና እንዲቀርብ መጠየቅ ይቻላል፤ ዝም ካላችሁ በራሱ አይመጣም።

ድርጅቱ ከስሮ የሚዘጋ ከሆነ ቀደም ብሎ መገኘት ያስፈልጋል። ከሥራ ውል የመነጨ የሠራተኛ ክፍያ ከሌሎች ዕዳዎች ቅድሚያ አለው፤ ቅድሚያው የሚሠራው ግን ንብረቱ እየተከፋፈለ ሳለ ፍርዱ ወይም ጥያቄው ጠረጴዛው ላይ ሲኖር ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ማሽኑን ነቅሎ የሚወጣ ባለሀብት እንዳለ ከሰማችሁ፣ ፍርድ ሳትጠብቁ በመዝገባችሁ ላይ ንብረቱ ከከተማው እንዳይወጣ የእግድ ማመልከቻ አስገቡ፤ የሚያዘውን ማሽን በዓይነትና በቁጥር ዘርዝሩ፣ ለመውጣት እየተዘጋጀ መሆኑን የሚያሳይ ነገር፣ ፎቶ ወይም ማስታወቂያ፣ አያይዙ። ክረምት ከሆነ ደግሞ የፍርድ ቤቶቹ የዕረፍት ጊዜ ከመግባቱ በፊት ይሁን፤ ካለፈባችሁ በዕረፍቱ ወቅት የሚሠራውን ተረኛ ችሎት ፈልጉ።